ከኮሶ እስከ መርፌ

ሰሞኑን የከተማው ወሬ ክብደት መቀነሻ መርፌ ነው። እኛ ግን ከላሊበላ በላይ፣ በላስታ ደጋ ከሚበቅለው ኮሶ እንጀምር። አያቶቻችን ጥሬ ሥጋ ላመጣባቸው ትል አበባውን ወቅጠው፣ በየሁለት ወሩ ገደማ፣ በማለዳ በባዶ ሆዳቸው ይጠጡት ነበር። ከ1769 እስከ 1771 እ.ኤ.አ. አገራችን የቆየው ጀምስ ብሩስም ጽፎለታል። ለምን ይደጋገማል? ትሉ ተበጥሶ ይወጣል፤ ራሱ ከቀረ ግን መልሶ ያድጋል። የሚለካው በእፍኝ ነበርና የበዛበት ዓይኑን፣ አንዳንዱም ሕይወቱን አጥቷል።

ሴማግሉታይድም ቀጠሮ አለው፦ በሳምንት አንዴ፣ ከ0.25 ሚሊግራም ተነስቶ በየ4 ሳምንቱ እየጨመረ በ17ኛው ሳምንት 2.4 ይደርሳል። ሲያቆሙት ክብደቱ በአብዛኛው ይመለሳል። ሚዛናችንን እኛ እንመዝግብ፤ መጠኑን ለሐኪም እንተው። በእፍኝ የሆነውን አንርሳ።