የቀልደኛው ሽልማት

የቀልድ ሰው በኅብረተሰባችን ውስጥ ሁልጊዜ ተፈላጊ፣ ሁልጊዜም ከበር አጠገብ የሚቀመጥ ሆኖ ኖሯል። በትግራይ ዋጣ፣ በሌላው የአገራችን ክፍል አዝማሪ የሚባለው ባለሙያ ጭራ ዋጣውን ወይም መሰንቆውን ይዞ ከሠርግ ቤት ሲገባ የተከበረውን እንግዳ ያወድሳል፤ በውዳሴውም መካከል ሸንቆጥ ያደርገዋል። እንግዳው ስቆ ብር በግንባሩ ላይ ከለጠፈለት ሽልማቱን አገኘ፤ ፊቱን ካጠቆረበት ደግሞ ቅጣቱን። ሸላሚውና የተሸነቆጠው አንድ ሰው መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል፤ የኋላው ታሪክ ብዙው ከዚህ የሚመነጭ ነውና።

ይኸው ግንኙነት ወደ ዘመናዊው መድረክ የተሸጋገረው በፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ብዕር ነው። በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው የተማሩት እኚህ ሰው የአውሮፓን ቴአትር ያውቁ ነበር። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በአዲስ አበባ «ቴአትር» እየተባለ የሚቀርበው ዘፈንና ጭፈራ አላረካቸውም። ስለዚህም የፈረንሳዊውን የላ ፎንቴንን ተረቶች መነሻ አድርገው «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተሰኘውን ድርሰት ጻፉ፤ በቴራስ ሆቴልም በመኳንንቱ ፊት እንዲታይ አደረጉ። ዘመኑ የንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ (1909-1922 ዓ.ም.) ነበር። በመድረኩ ላይ የሚናገሩት አውሬዎች ቢሆኑም የሚነኩት የዘመኑን አስተዳደር ብልሹነት ነበርና ተመልካቹ ራሱን ለማወቅ አልተቸገረም። ውጤቱም ክልከላ ሆነ። ክልከላው ለአንድ ድርሰት ብቻ ሳይወሰን ለቴአትር ጥበብ በሙሉ ተረፈ፤ ጥበቡም ወደ አደባባይ ለመመለስ የንግሥቲቱን ዘመን ማለፍ መጠበቅ ነበረበት። እኔ በበኩሌ ይህን ክልከላ ለድርሰቱ ከተሰጠው ምስጋና ሁሉ የሚበልጥ ምስክርነት አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ ያልገባውን ቀልድ የሚከለክል መንግሥት የለምና።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይበልጥ ያስገርማል። ሳቁን ያልወደደው ሥርዓት ብዕሩን ግን ፈለገው። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የተረቀቀው በእኚሁ ሰው ነው፤ የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ሲቃረብም በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ለኢትዮጵያ የተከራከሩት እርሳቸው ናቸው። ማዕረግና ሹመት ያስገኘላቸው ይህ ሁሉ እንጂ «ፋቡላ» አልነበረም። ዛሬም ስማቸው በትምህርት ቤት ሲነሣ ሕገ መንግሥቱ ይቀድማል፤ የአውሬዎቹን ጨዋታ የሚያስታውሰው የቴአትር መምህር ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ክልከላና ሽልማት በአንድ ቀልደኛ ላይ ሲፈራረቁ በግልጽ የታየው በዚያችው በኢጣልያ ነው። ዳሪዮ ፎ ጸሐፌ ተውኔት፣ ብቻውን መድረክ ላይ ቆሞ የሚያስቅ ተጫዋች፣ የቴሌቪዥንም ጸሐፊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ከባለቤቱ ከፍራንካ ራሜ ጋር «ካንዞኒሲማ» ለተባለው የአገሪቱ ቴሌቪዥን ትርኢት እየጻፉ ይጫወቱ ነበር። በሕንፃ ሥራ ላይ ስለሚደርስ አደጋ የሚያወሳው ጨዋታ በሳንሱር ሲያዝባቸው ትርኢቱን ጥለው ወጡ፤ በ1977 እስኪመለሱም ድረስ የቴሌቪዥኑ በር ተዘግቶባቸው ቆየ። ፎ በእነዚህ ዓመታት ዝም አላለም። በ1969 የመካከለኛውን ዘመን የአደባባይ ቀልደኞች ፈለግ የተከተለውን «ሚስቴሮ ቡፎ» ይዞ ወደ ሠራተኛው ሕዝብ ወረደ። በ1997 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ሲሰጠውም ሸላሚዎቹ የገለጹት ምክንያት ባለሥልጣናትን በመሸንቆጡና የተገፉትን ሰዎች ክብር በማንሣቱ ነበር። የቫቲካን ጋዜጣ በምርጫው መደነቁን አልሸሸገም።

ስቶክሆልም ላይ ያደረገው ለእኛ ለሙያው ሰዎች ከሽልማቱ ይልቅ ትምህርት አለው። የተዘጋጀ ጽሑፍ በማንበብ ፈንታ በእጁ የሣላቸውን ሥዕሎች ለታዳሚው አደለ። የንግግሩን ርእስ የወሰደውም ንጉሠ ነገሥት ፍሬዴሪክ 2ኛ በ1221 ካወጣው ሕግ ነው፤ ይኸውም ተሳዳቢ የተባለን ቀልደኛ የደበደበ፣ የገደለም እንኳ ቢሆን እንዳይቀጣ የሚፈቅድ ሕግ ነው። የዓለምን ታላቅ ሽልማት በተቀበለበት ከተማ የሙያ አባቶቹን ሞት አነሣ።

በአገራችን ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ከጊዜ በኋላ አለባቸው ተካና ልመነህ ታደሰ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ ጥንድ ጥንድ ሆነው ቀልድን በየቤቱ አስገቡ። ሕዝቡ ስማቸውን እንደ ዘመድ ይጠራው ነበር፤ ይህ ራሱ ትልቅ ማዕረግ ነው። ነገር ግን ስለ ድምፃቸውና ስለ ፊታቸው እንጂ ስለ ጽሑፋቸው የተነጋገረ ሃያሲ ጥቂት ነው። ቀልደኛው ደራሲም መሆኑ ተዘንግቷል።

ይህ ዝንጋታ በመቐለም ሆነ በሌሎች ከተሞች በምናዘጋጃቸው የኪነት ውድድሮች ላይ ይታያል። ገጣሚው ስለ ቤት አመታቱና ስለ ሐሳቡ ይመዘናል፤ ድምፃዊው ስለ ቅኝቱ። ቀልደኛው ግን ብዙ ጊዜ የምስክር ወረቀቶቹ እስኪደረደሩ ድረስ ጊዜ እንዲያስታግሥ ይጠራል፤ ዳኞቹም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ሰው ሳቀ ወይስ አልሳቀም? በማን እንደተሳቀ የሚጠይቅ ዳኛ አይገኝም። በደካማው፣ በአካል ጉዳተኛው፣ በገጠሬው አነጋገር ያሳቀና ከፊት ወንበር በተቀመጠው ሹም ያሳቀ እኩል ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ እንዲያውም የመጀመሪያው ይበልጣል፤ የፊት ወንበሩም በነፃነት ያጨበጭብለታልና። የባህል ቢሮዎቻችንና ማኅበሮቻችን ለሚቀጥለው ውድድር የመመዘኛ ቅጽ ሲያዘጋጁ ይህን ጥያቄ ቢጨምሩበት፣ የቀልደኛውንም ጽሑፍ እንደ ተውኔት ጽሑፍ አስቀድመው ተቀብለው በማኅደር ቢያኖሩት ወጪው ከአንድ ደስታ ወረቀት አይበልጥም።