ዜና ቴሌቪዥን፤ ከማዘጋጃ ቤት እስከ ጣሪያ

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በጫኑ በ34ኛው ዓመት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. የንግሥ በዓላቸው በሚከበርበት ዕለት፣ በአዲስ አበባ የቴሌቪዥን ሥርጭት ተጀመረ። ስቱዲዮው፣ ማለትም ሥዕልና ድምፅ ተቀናብሮ የሚወጣበት ክፍል፣ የተሰናዳው ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ነድፎት በቸርችል ጎዳና ራስ ላይ፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ አቅራቢያ በተሠራው በአዲሱ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ነበር። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ፣ ጊዜው የምሽት ጥቂት ሰዓታት፣ አድማሱም ከከተማይቱና ከዙሪያዋ የማያልፍ ስለነበረ፣ ባለቴሌቪዥን የሆነ ሰው ቤት ከመሸ በኋላ የሰፈር ልጆች መሰብሰቢያ ሆነ።

ተከላውን ያከናወነው የእንግሊዙ ቶምሰን ኩባንያ ነው። የኩባንያው ጌታ ካናዳዊው ሮይ ቶምሰን በስኮትላንድ የንግድ ቴሌቪዥን ጣቢያ አቋቁሞ እጅግ ያተረፈ፣ የሥርጭት ፈቃድንም ገንዘብ ከማተም ፈቃድ ጋር አመሳስሎ በመናገሩ ስሙ የቀረ ነጋዴ ነበር። የንግድ ቴሌቪዥን የሚባለው ከመንግሥት በጀት ሳይጠብቅ የአየር ሰዓቱን ለአስተዋዋቂዎች እየሸጠ የሚተዳደር ጣቢያ ሲሆን፣ ቶምሰንም ይህንን ዕውቀት ይዞ አዲስ ነጻነት ወደሚያገኙ አገሮች ዘለቀ፤ በነሐሴ 1954 ዓ.ም. ነጻ በወጣችው የካሪቢያን ደሴት አገር፣ በትሪኒዳድና ቶቤጎ፣ በዚያው ሰሞን በተመሠረተው ቴሌቪዥን ባለድርሻ ሆኖ ገብቶ ነበር። በዚያች ደሴት ኩባንያዎች ከመንግሥት ጋር ድርሻ ተካፍለው ሲነግዱ፣ በኢትዮጵያ ግን ነጋዴው መሣሪያውን ተክሎና ሙያውን አስተምሮ ሲሄድ ባለቤትነቱ ለመንግሥት ብቻ ቀረ። ጣቢያው የንግድ ማስታወቂያ አይቀበልም ነበር ማለት አይደለም፤ ሆኖም የሚኖረው በማስታወቂያ ገቢ ስላልሆነ፣ ተመልካቹን እንደ ገበያ ቆጥሮ የሚያባብልበት ምክንያት አልነበረውም።

ያም ሆኖ ሳያባብል የተወደደበት ነገር አለ። ተዋናዩ ተስፋዬ ሣህሉ በልጆች ጊዜ እየቀረቡ፣ ልጆችን የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች ብለው ሰላምታ እየሰጡ ተረት ሲነግሩ ከ40 ዓመት በላይ ቆይተዋል፤ ሦስት መንግሥታት ሲፈራረቁ አባባ ተስፋዬ ግን ከወንበራቸው አልተነሡም። በዚያ ስቱዲዮ እንደ እርሳቸው የሰነበተ ሹም አልታየም።

በዘመነ ሉቃስ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት፣ ቴሌቪዥኑ ባስተከለው ንጉሥ ላይ ዞረ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራውና ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው በአገሩ የታየው ፊልም፣ የቤተ መንግሥት ግብዣና ድግስ ሥዕል እየተሰካበት ለአዲስ አበባ ሕዝብ ቀረበ፤ ንጉሠ ነገሥቱም እንዲያዩት ተነገራቸው። በማግስቱ ጧት ከዙፋናቸው ወርደው በትንሽ ቮልስዋገን ተወሰዱ። በአገሪቱ የቴሌቪዥን ታሪክ ከዚህ ሌሊት የበረታ ሥርጭት መኖሩ ያጠራጥራል፤ ያን ጊዜ ተመልካቹ የአንዲት ከተማ ነዋሪ ብቻ ነበርና፣ ኃይሉ ከተመልካቹ ብዛት ሳይሆን ከተመልካቹ ማንነት የመጣ ነው።

ንጉሡን ያወረደው ወታደራዊ ደርግ በዚያው ዓመት ባንኮችን፣ የመድን ድርጅቶችንና ታላላቅ ፋብሪካዎችን ሲወርስ፣ ሳያስበው የንግድ ማስታወቂያንም ወረሰው ማለት ይቻላል፤ ሁሉም ሳሙና ከአንድ ባለቤት በሚወጣበት አገር አንዱን ሳሙና ከሌላው አስበልጦ የሚያስነግር ሻጭ አይኖርም። በ1977 ዓ.ም. መግቢያ የአብዮቱ 10ኛ ዓመትና የኢሠፓ ምሥረታ ሲከበር ሥርጭቱ ባለቀለም ሆነ። በዚያው ወቅት፣ ጥቅምት 13 ቀን፣ ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ ሞሐመድ አሚን የቀረጸው፣ ማይክል በርክ የተረከው የቆረም ረሃብ ሥዕል በቢቢሲ ወጥቶ ዓለምን አናወጠ፤ ስለዚህ የአገሪቱ ቴሌቪዥን ቀለም ያገኘው የበዓሉን ሰልፍ ለማሳየት ሲሆን፣ ረሃቡን በቀለም ያየው አስቀድሞ የውጭው ሰው ሆነ።

ደርግን ያሸነፈው ኢሕአዴግ በ1983 ዓ.ም. ከገባ በኋላ ጋዜጣና መጽሔት በፒያሳ አስፋልት ላይ እንደ አሸን ሲፈሉ፣ አየሩ ግን ለረጅም ጊዜ በመንግሥት እጅ ቆየ። ሰኔ 22 ቀን 1991 ዓ.ም. ከቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ጎን በሚገኘው ፓርላማ የወጣው የብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 178 ለግል ባለሀብት የሥርጭት ፈቃድ እንዲሰጥ ፈቀደ፤ ለፖለቲካ ድርጅትና ለሃይማኖት ተቋም ግን ከለከለ። በሐምሌ 1999 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 533 ሥርጭትን የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ ብሎ በሦስት ከፈለ። ከአዋጅ እስከ ፈቃድ ያለው መንገድ ግን ረጅም ነበር፤ እነ ሸገር ኤፍ ኤም በ2000 ዓ.ም. ሬዲዮ ሲጀምሩ የግል ቴሌቪዥን ገና በአገር ውስጥ አልነበረም።

በመጨረሻ የንግድ ቴሌቪዥን የመጣው በፓርላማው በር ሳይሆን በጣሪያ በኩል ነው። ነዋሪው ከሳተላይት፣ ማለትም ከምድር ወገብ በላይ በሰማይ ከቆመ አስተላላፊ፣ ሥርጭት የሚቀበለውን ዲሽ ከነሪሲቨሩ ገዝቶ ጣሪያው ላይ ሲተክል፣ የዐረብ ቻናሎች በነጻ ገቡለት፤ ብዙው ሰውም በዐረብኛ ጽሑፍ የታጀበውን የአሜሪካ ፊልም ጽሑፉን ማንበብ ሳይችል፣ ንግግሩንም በወጉ ሳይሰማ፣ ዓመታት ሙሉ አመሸበት። አገራዊው ቻናል ምን ያህል አሰልቺ እንደነበር ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም። ይህን ክፍተት ቀድመው ያዩት በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሲሆኑ፣ በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ መቀመጫውን ያደረገው ኢቢኤስ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ተመሥርቶ፣ የአዲስ አበባን ጨዋታና ወሬ በሳተላይት ወደ አዲስ አበባ መልሶ ይልክ ጀመር። በዘመነ ዮሐንስ፣ በሚያዝያ 2008 ዓ.ም.፣ ቃና ተከተለ። ቃና የቱርክና የሌሎች አገሮች ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ እየመለሰ፣ በባለሙያዎቹ አጠራር ዳቢንግ እያደረገ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ብዙ ቤት ገባ፤ የአገር ውስጥ ከያንያን ባህልና ሙያ ተጎዳ ብለው አምርረው ቢቃወሙም ተመልካቹ ከፊቱ አልተነሣም። ቅሬታቸው መሠረት ነበረው፤ ተሠርቶ ያለቀ ድራማ መተርጎም አዲስ ከመሥራት በእጅጉ ይረክሳልና።

ለእነዚህ ጣቢያዎች ሥንቁ ቢራ ነበር። የውጭ ጠማቂዎቹ ሔይነከን በ2003 ዓ.ም. የበደሌንና የሐረርን፣ ዲያጆ በ2004 ዓ.ም. የሜታን ቢራ ፋብሪካዎች ከመንግሥት ሲገዙ፣ ቀድሞ ጊዮርጊስን ከያዘው ቢጂአይና ከዳሸን ጋር የገቡበት ፉክክር እንዳለ ወደ ስክሪን ወጣ፤ የበዓል ዝግጅቱ፣ የሙዚቃ ውድድሩ፣ የእሑድ ጨዋታው ሁሉ በአንድ ጠመቃ ስም የሚጠራ ሆነ። በዘመነ ሉቃስ፣ በ2011 ዓ.ም.፣ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ በብሮድካስት እንዳይተዋወቅ ከለከለ። ለጤና የታሰበ ሕግ ነው፤ ጣቢያዎቹ ግን ትልቁን ገቢያቸውን በአንድ አዋጅ አጡ፤ ባንክ፣ ሪል እስቴትና የመንግሥት ተቋማት ቦታውን ቢይዙም እንደ ቢራ አልሞሉትም።

በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ለውጥ ሆነ። ጣቢያዎቹ ኢትዮሳት በሚል ስም ከአውሮፓው ኤስ ኢ ኤስ ኩባንያ ጋር ተስማምተው፣ ከግብፁ ናይልሳት ወደ ኤን ኤስ ኤስ 12 ሳተላይት ይዛወሩ ጀመር። ናይልሳት በምዕራብ 7 ዲግሪ፣ ኤን ኤስ ኤስ 12 ደግሞ በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ስለሚገኙ፣ ከአዲስ አበባ ሲታይ አንዱ ወደ ምዕራብ ዘመም ሲል፣ ሌላው ወደ ምሥራቅ አድልቶ ከአናት ሊደርስ ጥቂት የቀረው ነው። በዚህም ምክንያት ዲሽ የሚያስተካክሉ ወጣቶች መፍቻና የሲግናል መለኪያ ይዘው ከቆርቆሮ ወደ ቆርቆሮ ሲዘዋወሩ ከረሙ፤ ዐረብኛውን ቻናል መተው ያልፈለገ ቤተሰብም ሁለተኛ ሳህን ጨመረ።

በ2013 ዓ.ም. ከዚያው ከሥላሴ ጎን ከሚገኘው ምክር ቤት የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 የውጭ ባለሀብት እስከ 25 በመቶ ድርሻ እንዲይዝ ፈቀደ። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የሥርጭት መብት ለደቡብ አፍሪካው ዲኤስቲቪ ለአምስት ዓመት ተሸጠ፤ ዲኤስቲቪ ደንበኛው በየወሩ እየከፈለ የሚያየው ቴሌቪዥን ነው። ክለቦቹ ከዚያ በፊት ከሥርጭት እዚህ ግባ የሚባል ገቢ ስላልነበራቸው ሽያጩ ትልቅ እመርታ ሆነላቸው፤ በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ልጆች የተመሠረተው የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ደጋፊ ግን፣ ዲኮደሩን በቤቱ ካላስገባ፣ የክለቡን ጨዋታ ለማየት ዲኤስቲቪ ወዳለው ምግብ ቤት ሄዶ አንድ ነገር ማዘዝ ግድ ሆነበት።