በማንሃታን መሀል የበቀለ የልጆች እርሻ

ሄልስ ኪችን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የኒው ዮርክ ወዛደሮችና ስደተኞች ተፋፍገው የሚኖሩበት ሰፈር ነበር። በሐድሰን ወንዝ ዳር ፋብሪካውና ቄራው ተደርድሯል፤ የልጆቹ መጫወቻ ደግሞ አስፋልቱ ነው። ቀይ ሥር ከአፈር ውስጥ እንደሚወጣ በዓይኑ ያላየ ልጅ ሞልቶ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1902 ፋኒ ግሪስኮም ፓርሰንስ የምትባል ሴት በዚሁ ሰፈር በሚገኘው ዴዊት ክሊንተን ፓርክ የልጆች እርሻ ትምህርት ቤት ከፈተች። መሬቱ ተጸድቶ በትንንሽ መደቦች ተከፋፈለ፤ ለአንድ ልጅ አንድ መደብ።

ልጆቹ በቆሎ፣ ሽንኩርት፣ ሰላጣና ራዲሽ ዘሩ። ራዲሽ ለጀማሪ የተመረጠ ተክል ነው፤ በአንድ ወር ገደማ ይደርሳል። ከወር በፊት ጣቱን አፈር ውስጥ ከትቶ ዘር የቀበረ ልጅ፣ ቅጠሉን ይዞ ሲስብ ቀዩ ራዲሽ ከአፈር ይወጣለታል። ከዚህ የበለጠ ምን አስተማሪ አለ?

ፓርሰንስ ግን ከአትክልቱ ይበልጥ የምታስበው ለልጆቹ ጠባይ ነበር። የራስን መደብ ማረም፣ የጎረቤትን አለመንካት፣ የጋራውን መንገድ መጥረግ፣ የሥራን ክብር ማወቅ፦ ትምህርቱ ይሄ ነው። የሕዝብ መሬት የእኔም ነው ብሎ የሚንከባከብ ዜጋ እንዲህ እንደሚኮተኮት አምናለች፤ ትክክልም ነበረች።

ያ እርሻ ዛሬ የለም፤ በፓርኩ ኳስ ይጫወቱበታል። በዚያው ከተማ ግን የብሩክሊን የዕፅዋት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1914 የልጆች አትክልት ቦታ ከፍቶ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎት፣ ልጆች ዛሬም እዚያ ይዘራሉ፣ ያርማሉ፣ ያመረቱትንም ለቤተሰባቸው ይዘው ይገባሉ።