ነፍጥና ሕግ በወለጋ ከተሞች

በሀገራችን የቆየ የዳኝነት ልማድ አንድ ሰው ሌላውን «በሕግ አምላክ!» ብሎ ያስቆመው እንደሆነ፣ ተቆሚው የታጠቀም ቢሆን ሊቆም ይገባው ነበር። በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃም ይቆማል ይባል ነበር። በመጫ ኦሮሞ ዘንድም ነገሥታቱ ከመነሣታቸው በፊት በገዳ ሥርዓት መሪው የሚይዘው የሥልጣን ምልክት ጦር ወይም ጎራዴ ሳይሆን ቦኩ የተባለው በትር ነበር። ከእነዚህ ሁለት ልማዶች የምንረዳው፣ ሕግ ከመሣሪያ በላይ መሆን እንዳለበት ሕዝቡ ነጋሪት ጋዜጣ ከመታተሟ አስቀድሞ የተገነዘበ መሆኑን ነው።

ይሁን እንጂ ጠመንጃ በሀገሪቱ እየበዛ በሄደ ጊዜ ይህ ግንዛቤ በብርቱ ተፈትኗል። ጠመንጃ በአደባባይ አንግቶ መሄድ ለማን ይፈቀዳል? ፖሊስ አንጋቹን ሲያስቆመው የሁለቱ መብትና ግዴታ ምንድን ነው? በነቀምቴና በሌሎቹ የወለጋ ከተሞች ያለፈው የመቶ ዓመትና ከዚያም በላይ ታሪክ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሆን ብዙ ነገር ይዟል።

ጠመንጃና ሹመት

በ1874 ዓ.ም. በሆሮ ጉድሩ ምድር እምባቦ ላይ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሠራዊቶች ተዋግተው ድሉ ለሸዋ በሆነ ጊዜ፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ የሚመጣበት የምዕራቡ ሀገር የማን ይሆናል የሚለው ጥያቄ መልስ አገኘ። በስድስት ዓመት ገደማ ውስጥም፣ በ1881 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ራስ ጎበና ዳጬ በነጆ አቅራቢያ ጉቴ ዲሊ በተባለው ስፍራ ድርቡሾችን ድል አደረጉ። በሁለቱም ውጊያዎች የጠመንጃ ኃይል በግልጽ ታየ።

የሌቃ ነቀምቴው ገዥ ሞረዳ በከሬ፣ ከእርሳቸውም በኋላ ልጃቸው ኩምሣ ሞረዳ፣ በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ለማዕከላዊው መንግሥት ግብር እየከፈሉ የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ለመቆየት ችለዋል። በዚህ ምክንያት በሌሎች አውራጃዎች ገበሬውን ያስጨነቀው የነፍጠኛና የገባር ሥርዓት በሌቃ ነቀምቴ በዚያው ክብደት አልተጫነም። ሆኖም በዚያም ቢሆን ውጅግራው ወይም ምኒሽሩ ከሹመት ጋር የሚሰጥ፣ ሹመቱ ሲነሣም ሊመለስ የሚችል ዕቃ ነበር። ጠመንጃ ያነገተ ሰው በገበያ ሲያልፍ ሕዝቡ የሚያየው የሰውየውን መብት ሳይሆን የላከውን ጌታ ነው።

የውጭ መንግሥታትም ነገሩን በዚሁ መንገድ ተመለከቱት። እ.ኤ.አ. በ1890 የተፈረመው የብራስልስ ስምምነት በአብዛኛው የአፍሪካ ክፍል የመሣሪያ ንግድን ለመገደብ የታሰበ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1930 ኢትዮጵያ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከኢጣሊያ ጋር የተፈራረመችው ውል ደግሞ መሣሪያ ወደ ሀገር የሚገባበትን ሥርዓት ወሰነ። የጦር መሣሪያ ጉዳይ የመንግሥት ጉዳይ ነው የሚለው አስተሳሰብ በዚህ አኳኋን ሥር ሰደደ።

የታጣቂ ሕግ በነቀምቴ

በ1928 ዓ.ም. ኢጣሊያ አዲስ አበባን ከያዘች በኋላ ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት መኮንኖችና ሌሎች የተማሩ አርበኞች በነቀምቴ ተሰብስበው የጥቁር አንበሳን ማኅበር አቋቋሙ። ሊቀ መንበሩ የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለምወርቅ በየነ ነበሩ። በሰኔ ወር 1928 ዓ.ም. ቦነያ በተባለው የአውሮፕላን ማረፊያ ባደረሱት የሌሊት አደጋ ጄኔራል ማሊዮኮን ጨምሮ ከአውሮፕላን የወረዱት ኢጣሊያውያን ከጥቂት በስተቀር ተገደሉ። ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ የሚያወሱት ይህን ድል ነው።

ለሕግ ባለሙያ ግን ከቦነያው አደጋ ይልቅ ትኩረት የሚስበው ማኅበሩ ያወጣው ባለ አሥር አንቀጽ ደንብ ነው። ደንቡ የፖለቲካው አመራር ከወታደራዊው በላይ እንዲሆን፣ ገበሬው እንዳይበደል፣ ምርኮኛም እንዳይሠቃይና እንዳይገደል ያዝዛል። መንግሥት በፈረሰበት፣ ፍርድ ቤትና ፖሊስ በሌለበት ሰዓት ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ባልታጠቀው ሰው ላይ ያላቸውን ሥልጣን ራሳቸው በጽሑፍ ገደቡት ማለት ነው። ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ላይ እጃቸውን ሲሰጡ የማኅበሩ ዘመቻ ቢያበቃም፣ ይህ አሳብ ግን በወለጋ ታሪክ ውስጥ ቀሪ ሆኗል።

ሁለቱ ግዴታዎች

ከነፃነት በኋላ ነጋሪት ጋዜጣ በ1934 ዓ.ም. መታተም ስትጀምር የፖሊስ ሠራዊት አዋጅ በዚያው ዓመት ወጣ። ነቀምቴም የወለጋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሆነች። የጦርነቱ ጠመንጃ ግን በየቤቱ ነበር፤ በገጠር ነጭ ለባሹ፣ በከተማ የሹሙ አጃቢ መሣሪያ አንግቶ መታየቱ አልቀረም። የተሻሻለው የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት እንዲቀርብ ደነገገ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ የፖሊስንና የዜጋን ግንኙነት በዝርዝር ወሰነ።

የዚህ ሕግ ቁጥር 51 ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊይዛቸው ከሚችላቸው ሰዎች መካከል ሕጋዊ ምክንያት ሳይኖረው መሣሪያ ይዞ የተገኘውን ይጠቅሳል። እንግዲህ በኢትዮጵያ ሕግ ጠመንጃ ይዞ የተገኘ ሰው ምክንያቱንና ፈቃዱን የማስረዳት ግዴታ አለበት። ይህ የመጀመሪያው ግዴታ ነው።

ሁለተኛው ግዴታ የፖሊሱ ነው። በቁጥር 56 መሠረት ፖሊሱ አስቀድሞ ማንነቱን ያስታውቃል፤ የሚይዘውም ሰው ማን እንደሆነ ያረጋግጣል፤ ትእዛዝ ካለው ያነብለታል፤ ያለ ትእዛዝ የሚይዘው እንደሆነ የሚያዝበትን ምክንያት ይነግረዋል። ሰውየው ቢቃወምም ሊጠቀም የሚችለው ከሁኔታው ጋር በተመጣጠነ ኃይል ነው። ቁጥር 27 ተያዡ ለመመለስ እንደማይገደድ፣ መልሱ የሚጻፍበትን ቋንቋ በሚገባ ካላወቀም አስተርጓሚ እንዲሰጠው ይደነግጋል። ቤት መፈተሽም፣ ሕጉ ለይቶ ከዘረዘራቸው ሁኔታዎች በቀር፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲሆን ተደርጓል።

ይህን ከአሜሪካ ልምድ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። በዚያ ሀገር እ.ኤ.አ. በ1791 የጸደቀው ሁለተኛው ማሻሻያ መሣሪያ መያዝን በሕገ መንግሥት ያስጠበቀ በመሆኑና ብዙ ግዛቶችም በግልጽ ማንገትን ስለሚፈቅዱ፣ ክርክሩ ፖሊስ ጠመንጃ ስላየ ብቻ ሰውን ማስቆም ይችላል ወይስ አይችልም በሚለው ላይ ነው። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥቶች እንዲህ ያለ መብት ተጽፎ አያውቅም። ስለሆነም የኢትዮጵያዊ ዜጋ መከታ ጠመንጃው ሳይሆን በፖሊሱ ላይ የተጣለው ሁለተኛው ግዴታ ነው። የታጠቀም ያልታጠቀም እኩል ሊጠይቀው የሚችለው እርሱን ብቻ ነውና።

በሥራ ላይ ሲታይ ግን ሁለቱ ግዴታዎች እኩል አልተጠበቁም። ሕጉ የተጻፈው በአማርኛ ሲሆን፣ የቄለም ወይም የአርጆ ገበሬ የሚናገረው ኦሮምኛ ነበር። የ48 ሰዓቱ ገደብም ወደ ፍርድ ቤት የሚደረገውን ጉዞ ስለማይጨምር፣ ክረምት ሲገባ መንገዱ በሚቆረጥበት ወረዳ ጊዜው ይረዝም ነበር። ፈቃድህን አምጣ የሚለው ጥያቄ በየኬላው ሲሰማ፣ አንተስ ማን ነህ፣ ስለምን ያዝኸኝ የሚለውን ደፍሮ የሚጠይቅ ጥቂት ነበር።

ሁለተኛው ግዴታ ሲረሳ

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ የመሣሪያው ባለቤት ተለወጠ። በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ለገበሬ ማኅበራት የራሳቸውን መከላከያ ጓድ ሰጣቸው፤ በከተማም የአብዮት ጠባቂው ታጠቀ። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የቤት ለቤት አሰሳ መሣሪያ ፍለጋ የሚል ምክንያት በማንኛውም በር ለመግባት በቂ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ምን እንዳስከተለ ከወለጋ ልጆች አንዱ በሆኑት በቄስ ጉዲና ቱምሳ ዕጣ ይታያል። በቦጂ የተወለዱት እኒህ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከአምልኮ ሲወጡ በታጣቂዎች ተወስደው ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ተገደሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ያለ ፍርድ ለዓመታት ታሰሩ። የቄሱ አስከሬን የተገኘው በ1984 ዓ.ም. ነው። ማንነትን ማስታወቅና ምክንያትን መናገር በሕጉ ላይ ሁለት አጫጭር ሐረጎች ናቸው፤ ሲጣሱ ግን አንድ ቤተሰብ 13 ዓመት ያህል መቃብር ፈለገ።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ በ48 ሰዓትም ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ በአንቀጽ 26 ደግሞ አካሉና ቤቱ ከሕገ ወጥ ብርበራ እንዲጠበቅ ደንግጓል። በኦሮሚያም ኦሮምኛ የፍርድ ቤትና የፖሊስ የሥራ ቋንቋ በመሆኑ የቀድሞው ዕንቅፋት በከፊል ተነሥቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 የመጀመሪያውን ግዴታ አጠናክሮ መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝን ከለከለ።

ሆኖም አዋጁ የወጣው በምዕራብ ወለጋና በቄለም ኮማንድ ፖስት በተቋቋመበት፣ ስልክም ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ ነበር። ወታደሩ፣ የክልሉ ፖሊስ፣ ልዩ ኃይሉ፣ ሚሊሻውና መንግሥትን የሚወጋው ታጣቂ በአንድ መንገድ ላይ ሲፈራረቁ፣ መንገደኛው ያስቆመው ማን እንደሆነ መለየት ተቸገረ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም በ2013 ዓ.ም. በኦሮሚያ ፖሊስ ጣቢያዎች ባደረገው ክትትል ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ የቆዩ፣ ፍርድ ቤት ይለቀቁ ብሎ ካዘዘም በኋላ ያልተለቀቁ እስረኞችን አግኝቷል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። በወለጋ ጠመንጃው ከሹም ወደ አርበኛ፣ ከአርበኛ ወደ ነጭ ለባሽ፣ ከዚያም ወደ አብዮት ጠባቂና ሚሊሻ እየተላለፈ ሲሄድ፣ በየዘመኑ የነበረው መንግሥት ፈቃድህን አሳይ የማለት ሥልጣኑን ዘንግቶ አያውቅም። የተዘነጋው የታጠቀው የመንግሥት ሰው ስሙንና ምክንያቱን የመናገር ግዴታ ነው። እንግዲህ በነቀምቴ፣ በጊምቢ ወይም በደምቢዶሎ ችሎት ያለ ፈቃድ ጠመንጃ በመያዝ የተከሰሰ ሰው ሲቀርብ፣ ጠበቃውም ሆነ ዳኛው ከመሣሪያው ፈቃድ እኩል ይህን ሊጠይቅ ይገባል፤ ያዡ ማን ነበር? ምክንያቱን ነግሮታል? በምን ቋንቋ? በስንተኛው ሰዓት አቀረበው? የጥንቱ ሰው «በሕግ አምላክ!» ብሎ ለማስቆም መሣሪያ አላስፈለገውም ነበር፤ ሕጉን የሚያውቅና የሚቆምለት ሰው መኖሩ በቂው ነበር።