የቢራ ገብስና የአባላት ድርሻ

ገብስ ለአምቦ፣ ለጀልዱና ለደንዲ ደጋ አርሶ አደር እንግዳ እህል አይደለም። በሶው፣ ቆሎውና ጠላው ምስክር ናቸው። የመጀመሪያው የቢራ ፋብሪካችን ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1915 ዓ.ም. ቢቋቋምም የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። ከዚያም በኋላ የቢራ ፋብሪካዎች ሲበዙ የአሰላ ብቅል አልበቃ ስላለ በውጭ ምንዛሪ ከባሕር ማዶ ይገባ ነበር።

የሚያስቆጨው ግን በ1930 ዓ.ም. አካባቢ ጀርመናውያን ከአገራችን ሰብስበው የወሰዱት ገብስ ቅጠል ላይ የሚወጣውን አመድማ ሻጋታ የሚቋቋም ሆኖ መገኘቱና ከአውሮፓ የቢራ ገብስ ጋር መዳቀሉ ነው። አያቶቻችን ያቆዩት ዘር ለሌላው ጠቀመ፤ እኛ ግን ብቅል ገዢ ሆንን።

በ2013 ዓ.ም. በደብረ ብርሃንና በቦሌ ለሚ የተመረቁት ሁለት የብቅል ፋብሪካዎች ገበያውን አስፍተዋል። ይሁንና ፋብሪካ እንደ ጠላ ጠማቂ ያገኘውን ሁሉ አይቀበልም። ዝርያው የተደባለቀ፣ እኩል የማይበቅል ወይም ፕሮቲኑ ከ12 በመቶ የበለጠ ገብስ ይመለሳል። ዩሪያ ሲበዛም ፕሮቲኑ ይጨምራል።

ስለዚህ ዘርን ለይቶ መዝራት፣ ዩሪያን በልኩ መጨመርና በአውድማ አለመደባለቅ የአባላት ድርሻ ነው። የዩኒየን ድርሻ ደግሞ ገብሱ ከመዘራቱ በፊት ከፋብሪካ ጋር ስለ ዋጋው ውል መግባት ነው።