ስለ ዓሣ ቋንጣ ታሪክና አጠባበቅ



የሰው ልጅ ዛሬ ያገኘውን ምግብ ለነገ ለማቆየት ከጥንት ዘመን ጀምሮ ሲደክም ኖሯል። ለዚህ ድካም ከዓሣ የበለጠ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል፤ ሥጋው ከአራት እጅ ሦስቱ ያህል ውሃ ስለ ሆነ በቆላ ሙቀት ጧት የተጠመደው ለማታ ሳይበላሽ አይደርስም።

የጥንት ግብጻውያን ከዓባይ ያጠመዱትን ዓሣ ሲሰነጥቁና ሲያደርቁ የሚያሳይ ሥዕል በመቃብር ቤቶቻቸው ግድግዳ ላይ ትተውልናል። በኖርዌይ አገር የሎፎተን ደሴቶች ሰዎችም ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ዓሣን ያለ ጨው በእንጨት ቆጥ ላይ ሰቅለው እያደረቁ በበርገን ወደብ በኩል ለንግድ ይልኩ ነበር። ነገር ግን የኖርዌይን ብልሃት ብቻ ይዞ ወደ ሁምቦ የሚመጣ ሰው በዝንብ ይሸነፋል፤ በዚያ አገር የዓሣው ዘበኛ ብርዱ ነውና።

በወላይታ የሚገኘው ሁምቦ ከአባያ ሐይቅ ጋር ይዋሰናል። ጣልያናዊው ቪቶሪዮ ቦተጎ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1896 ሐይቁን በንግሥቱ ስም ማርገሪታ ቢለውም፣ ዛሬ የሚጠራበት ስም አባያ ነው። በዚህ ቆላ የብርዱን ሥራ ሊሠራልን የሚችለው ጨው ነው። አገራችንም ለጨው እንግዳ አይደለችም፤ የአክሱም ነጋዴዎች ከብት፣ ጨውና ብረት ይዘው በወርቅ ይለውጡ እንደ ነበር ኮስማስ የተባለው መንገደኛ በ6ኛው መቶ ዓመት ጽፏል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ የዓሣ ቋንጣ ጠላቶች ሦስት መሆናቸውን ዕወቅ። ዝንብ በእርጥቡ ላይ ዕንቁላል ትጥላለች፤ አንድ ቀን ያህል ሲቆይም ትል ይሆናል። በደንብ ያልደረቀውን ሻጋታ ይይዘዋል። የደረቀውን ደግሞ ጠጕራም ትል ያለው ነቀዝ ቦርቡሮ ዱቄት ያደርገዋል።

ስለዚህ ዓሣውን ወዲያው እንደ ተጠመደ ሆድ ዕቃውን አውጥተህ በንጹሕ ውሃ እጠበው። ቆሮሶውን ለሁለት ግለጠው፤ አምባዛው ስብ ስላለበት ቶሎ ይሻግታልና በቀጭኑ ዘልዝለህ አስቀድመህ ተመገበው። ለአራት ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ ያህል ጨው ነስንሰህ፣ ውሃው እየተንጠፈጠፈ አንድ ቀን ይቆይ። ከዚያም ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ባለ ቆጥ ላይ አስጣው፤ በንጹሕ ሻሽ ሸፍነው፤ ጤዛ እንዳያርሰው ማታ ማታ አስገባው። ደርቆ ከቀዘቀዘ በኋላ በደረቅና ክዳን ባለው ዕቃ አኑረው፤ በየጊዜውም እየፈተሽህ ፀሐይ አሙቀው።

ጭስም ዝንብን ያባርራል። ነገር ግን ከ2006 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ በ2,728 ሔክታር ላይ እንደ ገና እንዲያቈጠቍጥ የተደረገውን የሁምቦን ደን ለማገዶ መቍረጥ አይገባም፤ ፀሐይ ያለ ዋጋ የምትሰጠውን በዛፍ መግዛት ብልኅነት አይደለም።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው ሌላ ነው። ነቀዝን እገድላለሁ ብሎ የተባይ መድኃኒት በዓሣ ላይ የሚረጭ፣ ወይም በመድኃኒት የተነከረ የወባ አጎበር የሚያለብስ ሰው፣ ምግቡን ከተባይ አድኖ ቤተ ሰቡን ለመርዝ ይሰጣል። ነቀዝ የበላው ዓሣ የአንድ ቀን ድካም ነው፤ ልጅ ግን አይተካም።