የጀማሪው ራዲዮ፦ በጥቂት ገንዘብ ከዓለም ጋራ የተነጋገሩ ሰዎች ታሪክ

ራዲዮ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ዜናና ዘፈን የሚያሰማውን ሣጥን ነው። በዚያ ሣጥን ፊት እኛ ሰሚዎች ብቻ ነን፤ የምንመልሰው ነገር የለም። ነገር ግን ራዲዮ ከተፈለሰፈበት ጊዜ አንሥቶ መስማት ብቻ ያልበቃቸው፥ ራሳቸውም መናገር የፈለጉ፥ ደመወዝ የማይከፈላቸውና ንግድ የማያውቁ ሰዎች ነበሩ። እነዚህን ሰዎች ዓለም አማተር ይላቸዋል፤ ትርጓሜውም ለሥራው ባለው ፍቅር የሚሠራ ማለት ነው። መንግሥት ፈትኖ ፈቃድና የጥሪ ምልክት ከሰጣቸው በኋላ የሚቀራቸው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም መሣሪያው ከየት ይምጣ? የሚል ነው። የተማሪ ኪስ በየትም አገር ያው የተማሪ ኪስ ስለ ሆነ፥ እኛ የአሶሳ ተማሪዎች የዚህን ጥያቄ ታሪክ ብናውቅ ይጠቅመን ይሆናል። (ዓመታቱን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ሲሆን ዓ.ም. እጨምርበታለሁ።)

ማርኮኒ በ1901 መጨረሻ ላይ የአትላንቲክን ውቅያኖስ የተሻገረ ምልክት እንደ ሰማ ባስታወቀ ጊዜ፥ በአሜሪካ አገር ብዙ ወጣቶች ይህን ነገር እኛስ ለምን አንሠራውም ብለው ተነሡ። ገንዘብ አልነበራቸውም። ስለዚህ ብልጭታ የሚሰጠውን ክፍል ከፎርድ አውቶሞቢል የማቀጣጠያ ጥቅል አገኙት፤ የመስሚያውን ሽቦ የአጃ ገንፎ ዱቄት በሚሸጥበት ክብ ካርቶን ላይ ጠመጠሙት፤ ድምፁን የሚለየውም ጋሌና የሚባል የእርሳስ ማዕድን ቁራጭ ሲሆን፥ በቀጭን ሽቦ ጫፍ እየነኩ ደኅናውን ቦታ ይፈልጉለት ነበር። ለዚህ መስሚያ ባትሪ እንኳ አያስፈልገውም። የመጀመሪያው ርካሽ ራዲዮ እንግዲህ ከሱቅ የተገዛ ሳይሆን ከወጥ ቤትና ከጋራዥ የተለቀመ ነው።

በ1912 የአሜሪካ መንግሥት ሕግ አወጣ። ለመርከቦችና ለጦር ኃይል ጥሩ ጥሩው ሞገድ ሲሰጥ፥ አማተሮች ከ200 ሜትር በማይበልጠው አጭር ሞገድ ላይ ተወሰኑ፤ በዚያ ዘመን ሊቃውንቱ አጭር ሞገድ ሩቅ አይሄድም ይሉ ነበርና ለልጆቹ የተጣለላቸው የማይረባ መሬት መሆኑ ነው። እኛ ቤኒሻንጉሎች ይህን የምናየው በራሳችን ምሳሌ ነው፤ እህል አያበቅልም ተብሎ የተተወ አሸዋ ታጥቦ ወርቅ ሲወጣበት አይተናልና። በዚሁ ጊዜ ገደማ ኤድዊን አርምስትሮንግ የሚባል የኒውዮርክ ተማሪ፥ አንዲት የራዲዮ አምፑል ያጎላችውን ድምፅ መልሶ ለእርሷው በመስጠት የብዙ አምፑል ሥራ እንድትሠራ የሚያደርግ ዘዴ አገኘ። አምፑል ውድ ስለ ነበረ፥ ባንድ አምፑል ብቻ የሚሠራው ይህ መስሚያ ለድኃው አማተር ትልቅ ሲሳይ ሆነለት።

ፍሬው የታየው በ1921 ነው። ፖል ጎድሊ የሚባል አሜሪካዊ ወደ ስኮትላንድ ተልኮ፥ በአርድሮሳን የባሕር ዳር በክረምት ብርድና ዝናብ ድንኳን ተክሎ፥ ከ20 የሚበልጡ የአሜሪካ አማተሮችን ምልክት ሰማ። ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በኅዳር 1923፥ ሌዎን ደሎይ ከፈረንሳይ አገር ሆኖ በ100 ሜትር አካባቢ በሆነ ሞገድ ከአሜሪካው ፍሬድ ሽኔል ጋራ ውቅያኖሱን አሻግሮ ተነጋገረ። የማይረባ የተባለው መሬት ከሁሉ የበለጠ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላማ መንግሥታትና ኩባንያዎች ሁሉ ወደ አጭር ሞገድ ተጋፉ፤ ወርቅ በወጣበት ቦታ ማን ይቀራል?

ሁለተኛው የርካሽ ራዲዮ ምንጭ ጦርነት ነው። በመጋቢት 1941 የቤልጅግ ኮንጎ ወታደሮች አሶሳን ከኢጣሊያ እጅ ባስለቀቁበት በዚያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ ለአውሮፕላኑና ለታንኩ የተሠራው ራዲዮ ቁጥር ስፍር አልነበረውም። በ1945 ጦርነቱ ሲያበቃ የተረፈው ሁሉ በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር በጥቂት ገንዘብ ተቸበቸበ፤ ከቦምብ ጣይ አውሮፕላን የወጣ ማሠራጫ ባንድ ተማሪ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። በ1951 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ኖቪስ የሚባል የጀማሪ ፈቃድ ፈጠረ። ጀማሪው በደቂቃ 5 ቃል በሞርስ መላክና መቀበል ይበቃው ነበር፤ ኃይሉ ከ75 ዋት እንዳያልፍ፥ ሞገዱም በኳርትዝ ድንጋይ የተወሰነ እንዲሆን ታዘዘ። ድንጋዩ የተቆረጠበትን አንድ ሞገድ ብቻ ስለሚሰጥ፥ ጀማሪው ከተፈቀደለት ስፍራ ወጥቶ ሌላውን ሊያውክ አይችልም። ከዚህም የተነሣ ማሠራጫው ቀላልና ርካሽ ሆነ፤ ሂዝኪት የተባለው ኩባንያ ዕቃውን በሣጥን እየላከ ገዢው ራሱ በካውያ እየበየደ የሚገጥመውን ማሠራጫ ከ30 ዶላር በታች ሸጠ። እንደ እኔ አስተያየት ከመሣሪያው ይልቅ የሚያስደንቀው ሕጉ ነው፤ የጀማሪን ኪስ አስቦ የወጣ ሕግ ብዙ ጊዜ አይገኝምና።

ትራንዚስተር ከመጣ በኋላ ዋጋው ይበልጥ ወረደ። በ1976 የአሜሪካ አማተሮች መጽሔት ሁለት ትራንዚስተር ብቻ ያለውና በዓሣ ቆርቆሮ ላይ የሚገጠም ማሠራጫ አሳተመ፤ ኃይሉ ግማሽ ዋት እንኳ አይሞላም፤ ሆኖም ብዙ ሰው ሠርቶት በሞርስ ሩቅ አገር ደርሶበታል።

ወደ አገራችን እንመለስ። ኢትዮጵያ በ1935 ከአቃቂ ጣቢያ የንጉሠ ነገሥቱን የአፄ ኃይለ ሥላሴን ድምፅ ለውጭ ዓለም አሰምታለች። ለኢትዮጵያ በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የተመደበላት የጥሪ ፊደል ኢ.ቲ. የሚል ነው። በአሥመራ የቃኘው ጣቢያ የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች በኢ.ቲ. 3 ዩ.ኤስ.ኤ. ስም ይጠሩ ነበር፤ ይህ ግን የሠራዊት ሰዎች ክበብ ስለ ሆነ ስለ ተማሪ ኪስ የሚያስተምረን የለም። ለእኛ የሚቀርበው ኢ.ቲ. 3 ኤ.ኤ. ነው። እርሱም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፥ በአምስት ኪሎ፥ የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያ ነው። በተለይ ከ2011 ወዲህ የምሕንድስና ተማሪዎች በዚህ ጣቢያ እየሠለጠኑ ከመላው ዓለም ጋራ ተነጋግረዋል፤ መሣሪያውም ከውጭ አገር አማተሮችና ከድርጅቶቻቸው በስጦታ የተገኘ ነው። ኢትዮጵያ በአየር ላይ እምብዛም የማትሰማ አገር ስለ ሆነች፥ ተማሪዎቹ ሲጠሩ መልስ ሰጪው እንደ ገበያ ይሰበሰብባቸዋል። ባንድ ጣቢያ ብዙዎች መማራቸው መልካም ነው፤ በሶቪየት ኅብረትም የወጣቶች ትምህርት እንዲሁ በጋራ ጣቢያ ነበር። ጉድለቱ ግን አለ፤ ተማሪው ተመርቆ ወደ አገር ቤት ሲሄድ ራዲዮው አብሮት አይሄድም።

እንግዲህ ተፈትኖ ፈቃድ ያገኘ አንድ የአሶሳ ልጅ ቢኖር ምን ይግዛ? በዚህ ዘመን ከሁሉ ርካሹ ከ2012 ገደማ ጀምሮ በዓለም ገበያ የተሠራጨው የቻይናው ባዎፌንግ የእጅ ራዲዮ ነው፤ በውጭ አገር ከ30 ዶላር ባልራቀ ዋጋ ሲሸጥ ቆይቷል። ብዙ ሰው በዋጋው ይታለላል። የዚህ ራዲዮ ሞገድ ግን እንደ ዓይን ነው፤ ኮረብታ ከጋረደው ያቆማል፤ በሜዳም ቢሆን የሚሄደው ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። ለንደን ወይም ናይሮቢ በመሰለ ከተማ፥ ሌሎች አማተሮችና ድምፅ አሻጋሪ ጣቢያ ባሉበት፥ ደኅና ጀማሪ ነው። ሌላ አማተር በሌለበት ቦታ ግን ይዞት የሚቆም ሰው ራሱን ብቻ ያነጋግራል። ርካሽ ማለት ዋጋው ያነሰ ሳይሆን ለቦታው የሚሠራ ማለት ነውና፥ የአሶሳ ጀማሪ ፊቱን ወደ አጭር ሞገድ ቢያዞር ይሻላል።

ለዚህ የሕንዳዊው አሽሃር ፋርሃን ሥራ ጥሩ መንገድ ያሳያል። እርሱ ውድ ዕቃ በማይገኝበት አገር የሚኖረውን አማተር አስቦ፥ ቢትኤክስ የተባለውን ራዲዮ በተራ ትራንዚስተሮች ነደፈው፤ ለጥቅሉም የውሃ ቧንቧ መክፈቻ ውስጥ የሚገባውን ክብ ማጠቢቂያ እስከ መጠቀም ደርሷል። በ2016 ደግሞ በ7 ሜጋኸርትዝ ብቻ የሚሠራው ቢትኤክስ 40 በሃይደራባድ ከተማ በሴቶች የሥራ ኅብረት እየተገጣጠመ ከ60 ዶላር በማይበልጥ ዋጋ ተሸጠ፤ ኃይሉም 7 ዋት ያህል ነው። ገንዘቡ በብር ሲመነዘር ለተማሪ ትንሽ አይደለም፤ ለአንድ የትምህርት ቤት ክበብ ግን የማይቻል አይሆንም።

ከአሶሳ እስከ አዲስ አበባ በአየር ሲለካ 475 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለዚህ ርቀት 7 ሜጋኸርትዝ ተስማሚ ነው፤ ሞገዱ ወደ ላይ ወጥቶ በአዮኖስፌር ተመትቶ ይመለሳልና ተራራ አያግደውም። አገራችንም በምድር መግነጢሳዊ ወገብ አጠገብ ናት፤ በ1957 እና 1958 በተከበረው የዓለም የጂኦፊዚክስ ዓመት በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ምልከታ ጣቢያ የተቋቋመውም ስለዚሁ ነው። በዚህ ቀበቶ በቀን አዮኖስፌሩ የጠነከረ ነው፤ ነገር ግን በቀትር ፀሐይ ከታች ያለው ንብርብር ደካማውን ምልክት ስለሚመጥ፥ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ይሻላል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው።

አንቴናውን መግዛት አያስፈልግም። 143ን በሜጋኸርትዙ ብናካፍል የሽቦው ርዝመት በሜትር ይወጣል፤ ለ7.1 ሜጋኸርትዝ 20 ሜትር ያህል ይሆናል። ይህን ከመካከል ቆርጦ፥ 10 ሜትሩን ወደ አንድ ማንጎ፥ 10 ሜትሩን ወደ ሌላው ማንጎ ማሠር ነው፤ በአሶሳ ማንጎ አይቸግርም። ለአዲስ አበባ ርቀት ሽቦው በጣም ከፍ እንዲል አያሻም። ለመብራቱ የባጃጅ ባትሪና ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ ይበቃል። በክረምት መብረቅ ስለሚበዛ ግን ደመና በታየ ጊዜ ሽቦውን ከራዲዮው ነቅሎ ከቤት ውጭ መተው ይገባል፤ ይህን ቸል ያለ ሰው ከራዲዮው በፊት ራሱን ያጣል።

እጅ ስልክ እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? የሚል አንባቢ ይኖራል። ስልክ ምሰሶና ኩባንያ ይፈልጋል፤ ከዚህም በላይ ስልክ የያዘ ሰው ድምፁ በምን መንገድ እንደሚሄድ ሳያውቅ ዕድሜውን ይጨርሳል። ወላጆች ደግሞ አንድ ነገር እንዲያውቁ ያስፈልጋል። ያለ ፈቃድ ማሠራጨት ወንጀል ነው፤ የሞገድ ፈቃድ የሚሰጠው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ማሠራጫም ያለ ፈቃድ ከውጭ አይገባም። መስሚያ ግን ለማንም ተማሪ ክፍት ነው። አጭር ሞገድ ያለው አሮጌ ትራንዚስተር ከቤቱ የማይታጣ ሰው፥ ጥቂት ሜትር ሽቦ ጨምሮበት በሌሊት ቢያዳምጥ፥ የሰማውን ጣቢያ፥ ሰዓቱንና ሞገዱን በደብተር ቢጽፍ፥ ከአርድሮሳን ድንኳን ውስጥ የነበረው ሰው የሠራውን ሥራ ጀምሯል ማለት ነው።